ግራዚያኒን ከእኛ በፊት ያወቁት ሰዎች፦ «የበረሃው አንበሳ»ን ጅማ ላይ ስናይ

«የበረሃው አንበሳ» ጅማ መጥቶ ለጥቂት ቀን ታይቶ ሄደ። እንዲህ ያለ የቆየ የውጭ ታሪካዊ ፊልም ከተማችን ውስጥ በትልቅ ስክሪን ማየት የየሳምንቱ ነገር አይደለም። ሲመጣም ወሬው ቶሎ አይዳረስም። እኔ ካየሁት ወዲህ ሱቄ ብቅ የሚለው ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። እንዴት ነበር? ሽማግሌ ይዤ ብሄድ ይሆናል? ልጆቼስ? ሌላ ከተማ ቢመጣ መንገድ ያስወጣል? ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ ሂዱ ነው። ግን ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። በተለይ የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ማን እንደሆነ አብሯችሁ ለሚሄደው ሰው ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ። ይህን ያወቀና ያላወቀ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያዩት ፊልም አንድ አይደለም።

ታሪኩ የሊቢያዊው አርበኛ የኦማር ሙክታር ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ዳይሬክተሩ ሙስጠፋ አቃድ ሶርያ፣ ሐለብ ተወልዶ አሜሪካ የሠራ ሰው ነው። ኦማር ሙክታርን ሆኖ የሚሠራው አንቶኒ ኩዊን ነው። ግራዚያኒን ኦሊቨር ሪድ፣ ሙሶሊኒን ሮድ ስታይገር ይሠሩታል። ሙዚቃው የሞሪስ ዣር ነው። 35 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ ለዚያ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነው። ያንን ገንዘብ የሰጠው የጋዳፊ መንግሥት ነበር። ገበያ ላይ ግን ክፉኛ ከሰረ። ጣሊያን ደግሞ የሠራዊቴን ክብር ይነካል ብላ እ.ኤ.አ. በ1982 አገደችው። እዚያ አገር በቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 ጋዳፊ ሮምን በጎበኘበት ሰሞን ነው። ጋዳፊ ከአውሮፕላን ሲወርድ ደረቱ ላይ የኦማር ሙክታርን የእስር ፎቶ ለጥፎ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጣሊያን ሊቢያን የወረረችው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ኦማር ሙክታር ቁርዓን የሚያስተምር ሰው ነበር። እንዲያም ሆኖ ሃያ ዓመት ያህል በፈረስና በጠመንጃ ተዋጋ። እ.ኤ.አ. በ1930 ሙሶሊኒ ግራዚያኒን ወደ ምሥራቅ ሊቢያ፣ ወደ ሲሬናይካ ላከው። ግራዚያኒ ተዋጊውን ማሸነፍ ሲያቅተው ወደ ሕዝቡ ዞረ። ከ100,000 በላይ ሰው ከነከብቱ ከቀዬው ተነቅሎ በሽቦ የታጠረ ካምፕ ገባ። ከግብፅ ጋር በሚዋሰነው ድንበር ላይ 270 ኪሎ ሜትር ያህል እሾሃማ ሽቦ ተዘረጋ። ስንቅም፣ ጥይትም፣ ሰውም እንዳያልፍ ማለት ነው። በካምፑ ውስጥ በረሃብና በበሽታ ያለቀው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል።

ኦማር ሙክታር የተያዘው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1931 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን 1923 ዓ.ም. ይሆናል፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን። እኛ እንቁጣጣሽ ስንል እሱ እስር ቤት ነበር። መስከረም 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ሶሉቅ በሚባለው ካምፕ ተሰቀለ። ዕድሜው ከሰባ አልፎ ነበር። ስቅላቱን እንዲያዩ ወደ 20,000 የሚጠጉ እስረኞች ተሰልፈው ቆመዋል።

እዚህ ላይ ቀኑን ከእኛ ታሪክ ጋር አያይዙት። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1923፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሰጥተው ነበር። አዲስ አበባ በዚያ ደስታ ላይ እያለች ግራዚያኒ ሊቢያ ውስጥ ሽቦ ይዘረጋል። አራት ዓመት ያህል ቆይቶ በሶማሊያ በኩል መጣብን። የመርዝ ጋዝ ይዞ መጣ። በ1928 የጣሊያን ንጉሥ እንደራሴ ተብሎ አዲስ አበባ ተቀመጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩበት በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ከዚያ የተረፈው ስንቱ ሶማሊያ ውስጥ ወደ ዳናኔ ካምፕ ተጋዘ። ዳናኔን የሰማ ሰው ፊልሙ ላይ የሊቢያውን ካምፕ ሲያይ የሚሰማው ስሜት ይለያል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በሊቢያው ጦርነት ጣሊያን ያሰለፈችው የራሷን ወታደር ብቻ አልነበረም። አስካሪ የሚባሉት፣ ለጣሊያን የተመለመሉ የኤርትራ ወታደሮች ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ እየተጫኑ እዚያ ተዋግተዋል። በ1928 ደግሞ ግራዚያኒ በኦጋዴን ግንባር የደጃዝማች ነሲቡን ጦር ሲወጋ ጄኔራል ናሲ የሚመራውን የሊቢያ ክፍለ ጦር አሰልፎብናል። የእኛን ወንድም ወስዶ እነሱን አስወጋ፤ የእነሱን ወንድም አምጥቶ እኛን አስወጋ። ይህን ይዛችሁ ስትገቡ ፊልሙን የሩቅ አገር ታሪክ አድርጋችሁ አታዩትም። ጅማ ላይ ሆኖ ማየት ደግሞ የባሰ ነው። ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካን በስድስት ግዛት ስትከፍል ከስድስቱ የአንዱ ዋና ከተማ ጅማ ነበረች። እስከ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ድረስ በእጃቸው ነበረች። ወደ ፊልሙ ስንሄድ በዚያ ዘመን በተሠሩ ሕንፃዎች አጠገብ ነው ያለፍነው።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ። እንዲህ ያለ ፊልም ለምን ለጥቂት ቀን ብቻ እንደሚታይ ጠይቄ ነበር። መልሱ የፈቃድ ጉዳይ ነው። የቆየ ፊልም ለማሳየት ከባለመብቱ ፈቃድ ይገዛል። ፈቃዱ ለዚህን ያህል ቀን፣ ለዚህን ያህል ጊዜ ተብሎ ነው የሚሰጠው። በትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙ በሃርድ ዲስክ ይመጣል። የሚከፈተው በተላከለት የኮምፒውተር ቁልፍ ነው፤ ያ ቁልፍ ቀኑ ሲያልፍ አይሠራም። ስለዚህ «ሰው ከበዛ ይራዘም ይሆናል» ብላችሁ አትዘናጉ። ሰው በዛ ተብሎ በዚያው የሚራዘመው ስንት ጊዜ ነው? የመጀመሪያውን ቀን ያዙ። እሱ ቢበላሽ እንኳ ሁለተኛ ዕድል ይኖራችኋል።

ማስታወቂያው የወጣው ቴሌግራም ላይ ነው። ሰዓቱ «2:00» ይላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ብለው የመጡ ነበሩ፤ ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ደውላችሁ «ከምሳ በፊት ነው ከምሳ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያው ስልክ ሦስት ነገር አብራችሁ አረጋግጡ። ሰብታይትል አለው ወይ? መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር አላችሁ ወይ? መሀል ላይ እረፍት አለ ወይ?

የእረፍቱ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቢጀምር አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ያልቃል። መሀል ላይ የዐስር ሰላት ይገባል። እኛ ዘንድ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጠው ሰው አብዛኛው ሰጋጅ ነው። አዘጋጆቹ በዚያው ሰዓት አቋረጡት፤ ሰውም ወጥቶ ሰግዶ፣ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። የማታውን ማሳያ የመረጡት ግን መግሪብ መሀል ላይ ገብቶባቸው ተቸግረዋል። ከቻላችሁ የቀኑን ያዙ። ማታ ወጥታችሁ ባጃጅ ፍለጋ መንከራተትም አይኖርባችሁም።

ዝናቡንም አስቡት። ጅማ ዝናቧ ቀን አይመርጥም። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ ሲወርድ ከፊት ለፊት የሚናገረው ሰው ድምፅ አይሰማም። እኛም ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ወረደብን። ከስፒከሩ አጠገብ የተቀመጡት ሰምተዋል፤ ከኋላ ያለነው ሰብታይትሉን ነው ያነበብነው። ዓይናችሁ ደህና ከሆነ መሀል ተቀመጡ። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ መሀል መግባት ይቅርባችሁ፤ መተላለፊያው ዳር ያዙ። መብራት ሳይጠፋ ገብታችሁ ተቀመጡ። ትኬቱን ደግሞ ከዋዜማው ግዙ፤ በዕለቱ ሰልፉ ሳያልቅ ፊልሙ ይጀምራል።

እኔ የሄድኩት ከጎረቤታችን ከሐጂና ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። ሐጂ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። የተወለዱት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ግን እናታቸው ስለዚያ ዘመን ብዙ ነግረዋቸዋል። ጣሊያን ሲመጣ ቡና ጫካ ውስጥ ገብተው እንደተደበቁ፣ ሕፃን እንዳያለቅስ እንዴት አፉን እንደሚይዙት፣ ሌሊት ሌሊት እንጂ ቀን እሳት እንደማይነድ። ሐጂ አረብኛ ያነባሉ፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም የቤታቸው ነው። እንግሊዝኛ ግን አይችሉም። ፊልሙ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንግሊዝኛ ነው።

ስለዚህ ከዋዜማው ማታ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ መጨረሻውን አልደበቅሁም። የተዋናዮቹንም ፎቶ ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። «ይሄ ኦማር ነው፣ ይሄ ግራዚያኒ ነው፣ ይሄ ሙሶሊኒ ነው» እያልኩ። ሐጂ የግራዚያኒን ፎቶ ስልኬን ከእጄ ወስደው ቆይተው አዩት። «ይሄ ተዋናዩ ነው ወይስ ራሱ ነው?» አሉኝ። ተዋናዩ ነው ስላቸው «የራሱንም አሳየኝ» አሉ። ፈልጌ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ስለ እናታቸው ይነግሩኝ ጀመር። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነው የነገሩኝ።

ይህን ያመጣሁት ለእናንተም ስለሚጠቅም ነው። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ይዛችሁ ስትሄዱ እዚያው እየተረጎምን እናያለን አትበሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲተረጎም ጎረቤት ይረበሻል፤ ሽማግሌውም ይደክማቸዋል። ታሪኩን ቀድመው ካወቁ ስክሪኑ ላይ ያለውን በዓይናቸው ይከተላሉ። የእህቴ ልጅ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆነን አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ በጆሯቸው ሹክ እንላቸው ነበር። ያ በቂ ነው። እንዲያውም ከእኛ ቀድመው የሚገባቸው ቦታ ነበር።

አንዱ ቦታ ይሄ ነው። ኦማር ሙክታር ሕፃናትን ቁርዓን ያስተምራል። ስለ ሚዛን የሚናገረውን ክፍል ነው። መነጽሩን አድርጎ፣ ልጆቹ ከፊቱ ተኮልኩለው፣ በእጁ ሚዛኑን እያሳየ በዝግታ ያስረዳቸዋል። ትንሽዬ ትዕይንት ናት። ጠጋ ብዬ «ስለ ሚዛን እያስተማረ ነው» አልኳቸው። ሐጂ ወዲያው «አር-ረሕማን» አሉኝ፤ የቁርዓኑን ምዕራፍ ስም ነው። ቀጥሎ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። ክፍሉን ሙሉውን በልባቸው ወረዱት። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎችም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ፊልሙን እነዚያ ሰዎች ካሉበት አዳራሽ ውጭ ባየው ኖሮ ይህች ትዕይንት ታልፈኝ ነበር።

ሌላው ቦታ የምርኮኛው ነው። አንድ ወጣት የጣሊያን መኮንን ይማረካል። ተዋጊዎቹ ሊገድሉት ይፈልጋሉ፤ እነሱ የእኛን ምርኮኛ ይገድሉ የለ ወይ ይላሉ። ኦማር እምቢ ይላቸዋል። ጠላት ስላደረገው እኛ አናደርገውም፣ ምግባር ከእነሱ አንማርም ነው የሚለው። ልጁን ባንዲራውን አሸክሞ ወደ ወገኖቹ ይልከዋል። የእህቴ ልጅ በዚህ ተናደደ። «እንዴት ይለቀዋል?» አለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እኔ ከመመለሴ በፊት ሐጂ እጁን ያዙትና «ተመልከት፣ ተመልከት» አሉት። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ቤት እስክንደርስ የተነጋገሩት ይህንኑ ነው።

ከውጊያዎቹ መካከል አንዱን ልብ ብላችሁ እዩት። ተዋጊዎቹ ከመተኮሳቸው በፊት እግራቸውን በገመድ ያስራሉ። ለምን እንደሆነ ማንም አይናገርም። ከፊታቸው ታንክ ይመጣል። እነሱ ተንበርክከው ይተኩሳሉ። ልጁ ለምን ታሰሩ ሲል ሐጂ «መሸሽ እንዳይኖር ነው፣ ልጄ» አሉት። አዳራሹ ውስጥ ያን ሲያይ የጮኸ ሰው ነበር፤ «አይዟችሁ!» ያለም ነበር። ፊልሙ የተቀረጸው በራሷ በሊቢያ፣ በተራራዋና በበረሃዋ ነው። ካሜራው ለሰፊ ስክሪን የተሠራ ነው። ስልክ ላይ ብታዩት እነዚያ ፈረሰኞች ጉንዳን መስለው ነው የሚያልፉት። ለዚህ ነው «ኢንተርኔት ላይ አገኘዋለሁ» ለሚለኝ ሰው ሁሉ የለም፣ አዳራሽ ሂድ የምለው።

ደግሞ መሀል መሀል ላይ ጥቁርና ነጭ ምስል ይገባል። ያ ትወና አይደለም። በዚያ ዘመን የተቀረጸ እውነተኛ ምስል ነው። ድንኳኖች በመስመር በመስመር፣ ሰው እንደ እህል ተከምሮ። ሰብታይትሉ ይህን ስለማይነግራችሁ እወቁት። ከጎናችሁ ላለውም ንገሩት። እኔ ለሐጂ «ይሄ እውነተኛው ነው» ስላቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ግራዚያኒን የሚሠራው ኦሊቨር ሪድ ጎበዝ ነው። አይጮህም። ንጹሕ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ረጋ ብሎ፣ ካርታ ላይ ጣቱን እያሳለፈ ሕዝብ ያስፈጃል። ኦማር ተይዞ ቢሮው ሲቀርብለት የሚነጋገሩበት ትዕይንት አለ፤ በታሪክም ሁለቱ እንዲህ ተገናኝተዋል። እዚያ ላይ ፊልሙ ግራዚያኒን በመጠኑ ያከብረዋል። የተሸነፈውን ጠላቱን የሚያደንቅ ጨዋ ወታደር ያደርገዋል። እኔ ይህን አልወደድኩትም። ከስድስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ያደረገውን የሚያውቅ ሰው ይህንን ጨዋነት መቀበል ይከብደዋል። የእናንተን ፍርድ ለእናንተ ልተው።

ሌሎችም ጉድለቶች አሉት። ሙሶሊኒ ብዙ ይጮሃል፤ አንዳንዴ ከመጠን ያለፈ ነው። ውጊያው ይደጋገማል፤ ከእረፍቱ በፊት ያለው ክፍል ላይ የሚሰለች ሰው አይቻለሁ። ማብሩካ የምትባለውን እናት ኢሬን ፓፓስ አሳምራ ትሠራታለች፤ ግን ጊዜ አልሰጧትም። ገንዘቡ ከጋዳፊ መሆኑንም አትርሱ። ያ መንግሥት እንዲታይለት የፈለገው ነገር እንደነበረ ግልጽ ነው። ሆኖም ካምፑ፣ ሽቦው፣ ስቅላቱ በሰነድም በፎቶም የተረጋገጠ ታሪክ ነው። ማንም ገንዘቡን ይስጥ፣ እነዚህ ነገሮች ተደርገዋል።

ስለ ልጆች የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እንደ እኔ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይገባ ይሻላል። በጅምላ ሲረሸኑ ይታያል። ሴት ስትሰቀል ይታያል። መጨረሻው ራሱ ስቅላት ነው፤ ካሜራውም ፊቱን አያዞርም። የእህቴ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ እሱን እንኳ ማታ አነጋግሬው ነው የተለያየነው። ትምህርት ቤት ስለ የካቲት 12 በአንዲት ገጽ ተምሮ አልፏል። አሁን ግን ጥያቄው አላባራም። ግራዚያኒ በመጨረሻ ምን ሆነ? ተሰቀለ? ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት። ለኢትዮጵያም ለሊቢያም ፍርድ ቤት አልቀረበም። እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ የጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት። ያም ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው። በጥቂት ወር ውስጥ ተፈታ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ሞተ። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ሮም አካባቢ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ልጁ ዝም አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱን ይዛችሁ ግቡ።

መብራት አንዴ ጠፍቷል። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን። እንዲህ ሲሆን ሰው ስልኩን አብርቶ ይወጣል፤ አትውጡ። ፊልሙ ከቆመበት ነው የሚቀጥለው፤ የወጡት ሲመለሱ ቦታቸው ተይዞ ጭቅጭቅ ተነሳ። ለሽማግሌዎች ደግሞ ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ። ዝናብ ከወረደ በኋላ አዳራሹ ይቀዘቅዛል።

ከፊልሙ በኋላ ወዲያው አትበታተኑ። እኛ በአቅራቢያው ሻይ ቤት ገብተን ቁጭ አልን። የማናውቃቸው ሰዎች ወንበራቸውን እየሳቡ መጡ። አንዱ አያቱ ስለ ጣሊያን መንገድ ሥራ የነገሩትን አነሳ። ሌላው ፈረንጅ አራዳ ያደገ ነው፤ የልጅነት ሰፈሩን ሕንፃዎች አንድ በአንድ እየጠቀሰ ማን ምን ይሠራባቸው እንደነበር ከአባቱ የሰማውን ነገረን። ሐጂ ደግሞ የእናታቸውን ታሪክ፣ ማታ ለእኔ ብቻ የነገሩኝን፣ ለሁሉም ደገሙት። የእህቴ ልጅ በስልኩ ድምፃቸውን እየቀዳ ነበር። ፈቃዳቸውን ጠይቆ ነው። እናንተም እንዲህ አድርጉ። እነዚህ ሽማግሌዎች ዝም ብለው ተቀምጠው «ንገሩን» ቢባሉ ብዙ አይናገሩም። ፊልሙን ካዩ በኋላ ግን አፋቸው ይፈታል።

ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ የወጣት ማኅበር ያላችሁ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። አዳራሾቹ በቡድን ከተጠየቁ በፈቃዱ ቀናት ውስጥ የጠዋት ማሳያ ይጨምራሉ። ግን ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ቀድማችሁ «ይህ ፊልም ቢመጣ ይህን ያህል ተማሪ እናመጣለን» ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ፊልሙን የሚያሳየው ሰውም ለፈቃዱ የሚያወጣውን ገንዘብ እንደሚመልስ ካወቀ ነው የሚደፍረው።

ወደ ሌላ ከተማ ስለመሄድም ላንሳ። አዲስ አበባ ከታየ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ለፊልም ብቻ ይበዛል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ከአንድ ሌላ ነገር ጋር አያይዛችሁ ሂዱ እላለሁ። ቦምቡ የተወረወረበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያለበት ሕንፃ ነው። ደጁ ላይ፣ አደባባዩ መሀል የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል፤ በዙሪያው የጭፍጨፋው ምስል ተቀርጾበታል። በዋዜማው ግቡና እደሩ። ጠዋት ሙዚየሙን፣ ቀጥሎ ሐውልቱን፣ ከሰዓት ፊልሙን እዩ። ማታ አትመለሱ፤ የጊቤን ቁልቁለት በሌሊት መውረድ አይመከርም። ሐጂም ጤናቸው ከፈቀደ በሚቀጥለው የካቲት ስድስት ኪሎ ድረስ ይዤያቸው እንድሄድ ጠይቀውኛል፤ የአውቶቡሱን ዋጋ እያጣራሁ ነው።